ለሳሎናችን የመረጥኩት ሰብዉፈር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ሳለሁ ከጫማዬ ሥር ወለሉ ሲርገበገብ ተሰማኝ። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መስሎኝ ነበር፤ ግን አላቆመም። ድው፣ ድው እያለ ከተረከዜ ተነሥቶ፣ በጉልበቴ አልፎ፣ ደረቴ ውስጥ ገባ። ከእኛ በታች ያሉት አዲሶቹ ተከራዮች ስፒከር ገዝተው እየሞከሩ ኖሯል። ዘፈኑ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አይለይም። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ «ኧረ ሄደሽ ቀንሱ በያቸው!» አለኝ።

«ተዋቸው፣ ትንሽ ይሞክሩት» አልኩት። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። አባቴ ነበር ትዝ ያለኝ።

ያደግሁት ቁስቋም ሰፈር ነው። አባቴ ከቤታችን ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ነበረው። እኔ ነፍስ ሳውቅ የናፍጣ ሞተሩ በኤሌክትሪክ ተተክቶ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ያው ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ጎራ እላለሁ። በሩ ላይ የትኩስ ዱቄት ሽታ ይቀበለኛል። በጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ ሲዋኝ ይታያል። አባቴ ከዱቄት መውረጃው ሥር እጁን ሰዶ ዱቄቱን በሁለት ጣቶቹ መሐል ያሸዋል፤ መላሙን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ነበር። «አያ፣ ትንሽ ይላምልኝ!» ብለው ገበያተኞቹ ይጮኻሉ፤ እሱም ጮኾ ይመልሳል። ቤት ሲገባም እንደዚያው እየጮኸ ነው የሚያወራው። የወፍጮ ቤት ልማድ ነው እያልን ኖርን።

ቤታችንን ራሱ ነው ያሠራው። መኝታ ክፍሎቹን አጥብቦ ሳሎኑን አሰፋው። እናቴ ብትቆጣም አልሰማትም፤ «ከኮሶዬ ዘመድ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው?» አላት። ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ደረቅ ወንበሮቹ ሁሉ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረው፣ መሐሉ ገና ሜዳ ነበር። ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። የቴሌቪዥናችን ድምፅ ግን እዚያ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አባቴ ወንበሩን በየጊዜው ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋ ነበር። ዓይኑ የደከመ መስሎኝ መነጽር እንዲያሠራ የመከርኩት ትዝ ይለኛል። ሳቀና ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ።

ታላቅ እኅቴ ጥር ላይ ልታገባ ሆነ። መልሱ በእኛ ሳሎን ነው የሚደረገው። እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰብዉፈር የሚባል ነገር አለ አሉ።»

«አዎ፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ሳጥን ነው» አልኩት።

«እሱን ለመልሱ እንግዛ። ብዙ ገንዘብ የለንም፤ ግን አንቺ የተማርሽው ነው፤ የሚሆነውን ምረጪልን።»

አባቴ ዘፈን ብዙ የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም። ነገሩ ገረመኝ፤ ግን «አንቺ የተማርሽው ነው» የሚለው ቃል ልቤን አሞቀውና ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ በስልኬ ሳነብ ሰነበትኩ። ለሰፊ ክፍል የሚሆነው ድምፅ የሚያወጣው ክቡ የሰፋ፣ ሳጥኑ ከወፍራም እንጨት የተሠራ ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት ማመን አያስፈልግም። ትንሽ ሱቅ ውስጥ የሚያስገመግም ዕቃ ትልቅ ቤት ሲገባ ሊሟሽሽ ይችላል። ይኼን ሁሉ በደብተሬ ጽፌ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ሳላውቅ የሠራሁት ስሕተት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአባቴ ጋር በባጃጅ ፒያሳ ወረድን። የመስታወት በር ያላቸው አዳዲሶቹ ሱቆች ጋ የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ አባቴ ግን መንገዱን እንደሚያውቀው ሰው ፊት ፊት እየሄደ ከኋላ ያለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አስገባኝ። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ እዚያ ሱቅ ነበረው። ቤቱ የብየዳ ጭስ ይሸታል፤ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎችና የተጠቀለሉ ሽቦዎች ጣሪያው ድረስ ተከምረዋል። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «አያ፣ ደኅና ዋሉ?» አለና፣ ሳንጠይቀው ከጥግ አንድ ሳጥን ጎትቶ አወጣ።

ራሱ የገጣጠመው ነው። ቀለም እንኳ አልተቀባም፤ የጣውላው ጉጥ እንዳለ ይታያል። ክቡ ግን ትልቅ ሳህን ያህላል። ጠጋኙ የሠርግ ዘፈን ከፈተ። አባቴ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ሁለተኛውን እጁን ጨመረ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ወደ ጣውላው አስጠጋ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመዱን በር ላይ ያየ ሰው ይመስል ነበር።

«ይኼ ሸጋ ነው» አለ። «ምነው፣ ሸጋ አይደለም?»

ሸጋ ነበር። ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት አንድም አልጎደለውም። «አዎ» ልለው አፌን ስከፍት፣ ስልክ ሊያሠሩ ሦስት የክፍሌ ልጆች ገቡ። እኔን አዩኝ። ቀጥሎ፣ ጆሮው ሥርና ቅንድቡ ላይ ዱቄት የቀረበትን፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ሳጥን ያቀፈውን ሰውዬ አዩ። አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

አፌ ውስጥ የነበረው «አዎ» ተለወጠ።

«አባባ፣ ድምፅ እኮ በጆሮ ነው የሚሰማው። ዱቄት መሰለህ እንዴ በእጅህ የምትዳብሰው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። አባቴ የሳቃችንን ምክንያት ለማወቅ ፊት ፊታችንን ተራ በተራ አየ፤ ከዚያ እጁን ቶሎ አንሥቶ በኮቱ ጠረገ። ያልኩትን ሁሉ ሰምቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቴን ግን አንብቧል።

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ። ጠጋኙ ዘፈኑን ዘጋው።

ከዚያ ወጥተን፣ የመስታወት በር ካላቸው ሱቆች አንዱ ገባን። ሻጩ አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሳጥን አበራልን፤ ክቡ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል፤ ሪሞት አለው፤ ከስልክ ይገናኛል። «እኅት፣ ይኼ ሰፈር ነው የሚያናውጥ!» አለኝ። ጠባቧ ሱቅ ውስጥ እውነትም አናወጠ። ያን ገዛን። በባጃጁ ስንመለስ አባቴ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ልጅ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር።

ሳሎናችን ውስጥ ስከፍተው ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደገባ ጠፋኝ። ድምፁን ስጨምረው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚፈስ ያንጣጣል፤ ስቀንሰው ከናካቴው የለም። አባቴ መጀመሪያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ወደ መሐል ወንበር ሳበ፤ በመጨረሻ ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። «በጣም ሸጋ ነው፤ መብራቱም ያምራል» አለኝ። እኔ ደግሞ የተደሰተ መሰለኝ። እንዲመስለኝ ስለ ፈለግሁ ነው።

የመልሱ ቀን ሳሎኑ ሞላ። ከኮሶዬ የመጡት ዘመዶቻችን ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ በአንድ ወገን፣ የሙሽራው ቤተሰብ በሌላው ወገን ተቀመጡ። የአዲስ ቄጠማና የጠጅ ሽታ፣ የልጃገረዶቹ ጭብጨባ፣ ከመስኮት የሚገባው የጥር ፀሐይ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣብኛል። እኅቴና ሙሽራው ሲገቡ ዘፈኑ ደመቀ። አባቴ ወንበሩን ሰብዉፈሩ አጠገብ አድርጎ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ግን ከሰው ጭብጨባ ጋር አይገጥምም። ሰው ሲያቆም እሱ ይቀጥላል።

ዘፈኑ ሲቆም የሙሽራው አባት ተነሥተው «ልጅዎን እንደ ልጄ ነው የማያት፤ በፍጹም አይስጉ» አሉት።

አባቴ ከተቀመጠበት ፈገግ ብሎ «አይ፣ እዚህ ይመቸኛል፤ እናንተ ወደ ውስጥ ግቡ» አላቸው።

እንግዶቹ ተያዩ። ቀጥሎ አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ሳቀ። እኅቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ፊቴ እየነደደ ጓዳ ገባሁና እናቴን «አባባ ጠጥቷል እንዴ? አዋረደን እኮ!» አልኳት።

እናቴ ወጥ የምታወጣበትን ጭልፋ አስቀመጠች።

«አባትሽ አይሰማም» አለችኝ።

«እንዴት አይሰማም?»

«ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ከተወው ቆየ። የኔን ድምፅ አይሰማም፤ አፌን እያየ ነው የሚመልስልኝ። የቀረው ወፍራም ወፍራሙ ነው፤ የከበሮ ድምፅ፣ የሞተር ድምፅ። ወፍጮው ነው የበላው። ለልጆቹ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «የልጄን የሠርግ ዘፈን በዚያ ሳጥን እሰማለሁ ብሎ ነበር እኮ።»

እዚያው ጓዳ በር ላይ ቆሜ ወደ ሳሎኑ አየሁ። ዘፈኑ እንደገና ተጀምሯል፤ አባቴ አሁንም ያጨበጭባል፤ ዓይኑ ከሰው እጅ ላይ አይነሣም።

በማግሥቱ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሳጥኑ የለም። ጠዳ ላይ ምግብ ቤት ሊከፍት የተነሣ ሰው ወስዶታል።

«ሌላ ይሥሩልኝ» አልኩት።

«እንደዚያ ያለ ክብ ከየት አመጣለሁ? ከአሮጌ ዕቃ ላይ ነቅዬ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ቀጠለና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «አባትሽ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መጥተዋል። ለሳቸው ብዬ ነው የሠራሁት። ያን ቀን ይዘውት እንዲሄዱ ጨርሼ ነበር። ‹ልጄን አመጣታለሁ፤ መሐንዲስ ናት፤ እሷ አይታ ደግ ነው ትበለኝ› አሉኝ» አለ።

ምርጫው አልቆ ነበር ማለት ነው። እኔን የወሰደኝ ሊያስመርጠኝ ሳይሆን፣ ልጄ ተምራለች ብሎ በሰው ፊት ሊኮራብኝ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የተጎዳው አይመለስም አሉን። የማዳመጫ መሣሪያ ተገኘለት፤ ሁለት ቀን አድርጎ «ሹክሹክታ ሁሉ ጩኸት ሆነብኝ» ብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ወቀሳ ከአፉ አልወጣም። ስለ ሳጥኑም፣ ስለዚያ ቅዳሜም አንድ ቀን አላነሣም። ቢያነሣው ይሻለኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ ወራት ቤታችን ዘፈን አይከፈትም፤ በገና ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ እንደገና ማንበብ ጀመርኩና፣ ሰብዉፈር ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ግድግዳዎች ወፍራሙን ድምፅ እንደሚያግዙት አገኘሁ። ያን የሚያብረቀርቅ ሳጥን ከመሐል አንሥቼ ጥግ ወሰድኩት፤ መብራቱን አጠፋሁት። ሰሌን አነጠፍኩና አባቴን ጀርባውን ሳጥኑ ላይ አስደግፌ አስቀመጥኩት። በገናውን ከፈትኩ።

ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ «መጣ» አለኝ። «መጣ፣ መጣ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። የበገናው ጅማት ሲርገበገብ ጀርባችን ላይ ይሰማናል። ለእሱ ከዚያ በላይ አልነበረም፤ ቃሉ አይደርሰውም። «ምን ይላል?» ሲለኝ ጆሮው ላይ ጮኼ እነግረዋለሁ፤ እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደግመዋል። እንዲህ ሆነን ከሰዓቱ አለቀ። የጣውላው ሳጥን ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በደረሰው እያልኩ አስብ ነበር።

ያን ጊዜ ልናገረው ቆረጥኩ። መጮኽ ግን አቃተኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተጮኾ ይነገራል?

«አባባ፣ የዚያን ቀን ሰው ፊት ስለ አሳፈርኩህ ይቅር በለኝ» አልኩት፣ በዚያች ቀጭን ድምፄ።

መናገሬን ከትንፋሼ አውቆ ዘወር አለ። አፌን ሳያይ ግን ቃሉ አልፎታል። ወደ መስኮቱ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ።

«አዎ፣ ሳይዘንብ አይቀርም» አለኝ። «ልብሱን አስገቢው፣ የኔ እናት።»

ልድገመው ብዬ ነበር። አባቴ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ክረምት እስኪያርፍ ድረስ ልድገመው እያልኩ ነበር።

ተነሥቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሌለበት ነበር። ገና ያልደረቀውን ልብስ አንድ በአንድ ከገመዱ ለቅሜ፣ በክንዴ ታቅፌ አስገባሁት።