ፍላጻ የምትቀባው ልብስ ሰፊ

የሰፈሩ ሰው እትዬ መርፌ ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቀጭን ናት፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ ምላሷም ሲያሰኛት ይወጋል። ባሏ አናጢ ነበር። ቀን በርና ቁም ሳጥን ሲሠራ ይውልና ሲመለስ እጁን ታጥቦ ግቢያቸው ጥግ ካለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላል፤ ፍላጻ ይጠርባል። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ ቀስት ላይ ነው። የእረፍት ቀን ሲደርስ ከተማው ዳር ካለው ሜዳ ሄዶ፣ እንደሱ በቀስት ካበዱ ጓደኞቹ ጋር ኢላማ ሲመታ ይውላል።

እሷ ፍላጻዎቹን «ጣውንቶቼ» ትላቸው ነበር።

«ጣውንቶቼ እንዴት ዋሉ?»

«አኩርፈዋል። ትናንት ሳልዳስሳቸው አደርኩ» ይላታል።

ጠባቸው ከዚህ አያልፍም። የምትጠላው አንድ ነገር ቢኖር የቫርኒሽ ሽታ ነው። የደንበኛ ልብስ ውስጥ ይገባል እያለች ከመስኮቷ ሥር እንዳይቀባ ከልክላው ነበር።

የዓይኑ ነገር የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የበሩን መቃን በትከሻው መታው፤ ሳቁ። ቆይቶ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አልፎ አየር ላይ አስቀመጠው፤ ያኔ አልሳቁም። የዓይን ሐኪሟ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረችው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለችው። ጠብታው የቻለውን ያህል አቆየው። ዓለም ከዳር ከዳሯ እየተጠቀለለች ሄዳ መሃል ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ጠበበች። በመጨረሻ ያችም ቀዳዳ ጭጋግ ገባባት። ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀሩት።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባልደረቦቹ እያቀፉ ሸኙት። ቤት ገባ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጠርቦ ያስቀመጣቸው የፍላጻ ዘንጎች ቀለም ሳያዩ፣ ላባ ሳይለብሱ ጥግ ላይ ቆመው ቀሩ።

አንድ ጠዋት «የቀስት ጓደኞቼን ጥሪና ዘንጎቹን ስጫቸው፤ ካልሆነም ማገዶ አድርጊያቸው» አላት። «በቫርኒሽ ያልታሸገ እንጨት እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ፍላጻ ደግሞ ይጎብጥና ወዳልላክሽው ይሄዳል።»

«ምን ሆነህ ነው ዛሬ?»

«ሕልሜ ቀለም አጣ። ሁሉ ነገር ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። አንቺም ትመጫለሽ፤ የለበስሽው ቀሚስ ግን ቀለም የለውም።»

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታለብስ ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በባሏ ሕልም ውስጥ ቀለም በሌለው ቀሚስ መዞር! የምትሰፋውን ኮት ከማሽኑ ላይ አንስታ አጠፈችና ጥግ ወዳሉት ዘንጎች ሄደች።

«ንገረኝ» አለችው። «ከየት ነው የሚጀመረው?»

እሱ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ በአፉ መራት። መጀመሪያ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው። ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው፤ ለካ እንጨት ሲረጥብ እንደ ብርድ ልብስ ጸጉር ያወጣል። ሲደርቅ ያንን ጸጉር ዳግመኛ ላገችው። እሱ ዘንጉን ተቀብሎ በጣቱ ሳይሆን በከንፈሩ ዳር አሳለፈው።

«ጫፉ ጋ ይቀረዋል።»

«በከንፈርህ ነው የምታየው?»

«ከንፈር አይዋሽም።»

«ለሌላ ጊዜ እይዝልሃለሁ» አለችው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማችው።

ቀለሙ ግን አስቸገራት። የመጀመሪያው ዘንግ አንድ ቦታ ጠጥቶ፣ ሌላ ቦታ እምቢ ብሎ ዥንጉርጉር ሆነ። «ነብር ወለድኩ» አለች። እሱም በጨርቅ ትንሽ ትንሽ እየነከረች፣ በእንጨቱ መስመር እንድትሄድ፣ ሳይደርቅ እንድትወለውል ነገራት።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን?»

አሰበ። «ከእናቴ ቤት ጀርባ ኩሬ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚሆነውን ዓይነት።»

«እኔ ኩሬውን አይቼው አላውቅም እኮ!»

«እኔም አሁን አላየውም። እኩል ነን።»

እንግዲህ የዚያ ሰሞን ሥራቸው ይኸው ሆነ። እሷ ቡናማውን ከቀዩ ትደባልቃለች፣ ቁራጭ እንጨት ላይ ትሞክራለች፣ ያየችውን ትነግረዋለች። ቃሎቿ የልብስ ሰፊ ቃሎች ናቸው። «ካኪ ላይ ሻይ የፈሰሰ» ትለዋለች። «አይ፣ ኩሬው ከዚያ ይሞቃል» ይላል። «የቆየ የቆዳ ጃኬት ክርን» ትለዋለች። «ቀረብሽ። ትንሽ ወርቅ ጨምሪበት።» ከሰዓት በኋላው እንዲህ እያለ ያልፋል። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ እግራቸው ሥር ይተኛል፤ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ሁለቱም እሷ አይታው በማታውቀው ውሃ ዳር የተቀመጡ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ቀና ስትል እውነት ቄጠማ የሚሸታት እየመሰላት ትደነግጣለች።

ቀለሙ ሲገኝ ማሸጉ መጣ። ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አቁመው ቫርኒሽ ሞሉት። «ንከሪውና ስታወጪው ቀስ በይ፤ የተኛ ሕፃን ከእቅፍሽ ወደ አልጋ እንደምታወርጂው። ከቸኮልሽ ያለቅሳል» አላት። እውነትም የቸኮለችበት ላይ ቫርኒሹ እንባ ሆኖ እየወረደ ደረቀ። ቀስ ያለችበት ግን መስታወት መሰለ። ዘንጎቹን በልብስ መቆንጠጫ እየያዘች ከመስኮቷ በላይ ባለው የልብስ ገመድ ላይ ሰቀለቻቸው። አንዲት ደንበኛ ኮቷን ልትወስድ መጥታ አሸተተችውና «ይሄ ምን ምን ይላል?» አለቻት። እትዬ መርፌ ዓይኗን ሳታሽ «አዲስ ቤት አዲስ ቤት ነዋ!» አለች።

ጥፋትም አልጠፋም። ሲደርቁ አውርዳ ብታያቸው የስፌት ቤቱ ብናኝና ክር ሁሉ ቫርኒሹ ላይ ተለጥፏል። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ በዳበሳ መጥቶ አንዱን አነሳና በጣቱ ሄደበት።

«ጢም አብቅለዋል» አለ። «ይላጋሉ፤ እንደገና ይነከራሉ፤ ምን ያስለቅሳል?» ከዚያ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀጭን ክር ዘንጉን ዞሮት ቫርኒሹ ሥር ታሽጎ ቀርቷል። ደጋግሞ ነካካው። «ይህን ግን ተይልኝ። ከሌሎቹ መሃል ይኸኛውን በእጄ አውቀዋለሁ።»

እሷም እንባዋን ጠርጋ የክር ሳጥኗን አወጣች። ቀሪዎቹን ከላገች በኋላ ከላባው ቦታ ዝቅ ብላ በየዘንጉ ላይ ክር ጠቀለለች፤ አንዱ ላይ ሰፋ አድርጋ፣ ሌላው ላይ አራርቃ። ለራሷ ዓይን ደግሞ ደማቅ ደማቁን መረጠች። በላዩ ቫርኒሹን ደገመችበት። ላባውን እሱ ራሱ በኮላ አጣበቀ፤ ለዚያ ጣቶቹ በቂ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ ጠራት። «መጡ» አላት።

«እነማን?»

«ፍላጻዎቹ። ኩሬው ላይ ተንሳፍፈው፣ እንደ ወፍ እየተከታተሉ። ቀለማቸው ልክ እንደነገርሽኝ ነው። አንቺም ማዶ ቆመሻል፤ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰሻል።»

«አረንጓዴ ቀሚስ ኖሮኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ስፊው!»

ሰፋችው። ለራሷ ልብስ ከሰፋች ስንት ጊዜዋ! በእረፍት ቀን ያንኑ እንደለበሰች፣ የባሏ የቀድሞ የቀስት ጓደኛ የሆነው ጸጉር አስተካካይ በጭነት መኪናው ሜዳው ድረስ ወሰዳቸው። ጓደኞቹ ከበው ሳሙት። ጸጉር አስተካካዩ አንዲት ቆርቆሮ ከኢላማው እግር ሥር አኑሮ ረጅም ገመድ አሰረላትና ራቅ ብሎ ከወፍራም ዛፍ ጀርባ ቆሞ እየጎተተ አንኳኳት። ባሏ ጆሮውን አቀና፤ ቀስቱን ሳበ፤ ለቀቀ።

የመጀመሪያው ኢላማውን አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለው። ከዚያ በጣቱ ክሩን እያየ ያችኑ ጢም ያበቀለች ፍላጻ መረጠ። እትዬ መርፌ ከጎኑ ነበረች። ፍላጻው ሲወጣ ፀሐይ አገኘችው፤ ለቅጽበት ያህል የቀባችው እንጨት ሳይሆን የሚሄድ ብርሃን ሆኖ ታያት። ኢላማው ዳር ላይ ጠቅ ብሎ ቆመ።

«እንዴት ሄደ?» አላት።

ለቀለም ሁሉ ቃል ያገኘችው ሴት ለዚህ አጣች። «ቆንጆ ሄደ» ብቻ አለችው፤ እጁን ያዘችው። ጓደኞቹ ግን እንደ ልጅ ጮኹ።

ፍላጻውንም እየተቀባበሉ ክሩን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ወዲህ ዘንግ የጠረበ ሁሉ ተሸክሞ ወደሷ ቤት ይመጣል። ባሏ እየዳበሰ ያቃናል፣ እሷ ትቀባለች፣ ታሽጋለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ክር ትጠቀልልለታለች። ብርሃንና ጥላውም በኋላ ከዓይኑ ሄደዋል። ሕልሙን ግን ጠዋት ጠዋት ይነግራታል፤ አንዳንዱ ቀለም አለው፣ አንዳንዱ የለውም።

ያን የመጀመሪያ ቀን ከሜዳው ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሦስቱም ፊት ተጠጋግተው ተቀመጡ። ንፋሱ በመስኮት ይገባል፤ ሜዳው ወደኋላ ይሸሻል። ባሏ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከንፈሩ የሆነ ነገር ያጉተመትማል። ቤታቸው ያለበት መታጠፊያ ሲደርስ ጸጉር አስተካካዩ መኪናውን አቀዘቀዘና አያት።

«ልቀስቅሰው ወይስ አንድ ዙር እንጨምር?» አላት በሹክሹክታ።

«ጨምር» አለችው።