ይታይሽ ነጠላዋን ለምን ዘቀዘቀች?

ይታይሽ ለፍጻሜ አለፈች! እልል በሉልኝ! ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የተቀመጠችው፣ እርሳሴን እየነከሰች የጨረሰችው የስማዳዋ ይታይሽ፣ አገር በሚያየው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዷ ሆነች። ዳኛው ስሟን ሲጠራ እዚህ ካምፓላ፣ በአከራያችን ሳሎን ውስጥ፣ እንዴት እንደዘለልኩ ብታዩ! የሴትዮዋን የሻይ ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። እማዬ ግን አልዘለለችም። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች አፏን በመዳፏ ይዛ ቀረች። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። እዚህ አብሮን ያለው አጎቴ "ይሄን ሁሉ ከምትለፈልፊብን ለምን አትጽፊውም?" ስላለኝ ነው የምጽፈው፤ ስጀምረው ደግሞ እጄ አልቆም አለኝ። በመጀመሪያ እዚህ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ከወገዳ የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አባዬ "ዛሬ ክፍት ነው ብለዋል፤ ነገን እንጃ" አለና እኔንና እማዬን ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ጭነት መኪና ላይ፣ ከገብስ ጆንያ በላይ አሳፈረን። እሱ ቀረ። "አጨዳው ይለቅና እከተላችኋለሁ" አለ።

አጨዳው ደግሞ የእኛ ማሳ ብቻ አልነበረም። የይታይሽ አባት ካረፉ ወዲህ የእነሱንም ገብስ የሚያጭደው አባዬ ነው። ማጭዱን የሚያስቀምጠውም በእነሱ ደጃፍ ነው። በይታይሽ እናት በእትዬ ደብሬ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይኖራል፤ የሚወርደው ገብስ ሲደርስ ብቻ ነው። ሕፃን ሳለን እኔና ይታይሽ ማጭዱ ከወረደ "እሸት ደረሰ!" እያልን እንጨፍር ነበር። እኛ ከሄድን በኋላ እሷም አዲስ አበባ፣ አክስቷ ዘንድ ገባች።

ሞያሌን አልፈን፣ ኬንያን አቋርጠን፣ የኡጋንዳ ድንበር ላይ አንድ መኮንን ፓስፖርታችንን እያገላበጠ "ሱርኔም?" አለ፤ የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው። እማዬ የአባቷን ስም፣ እኔ የአባቴን ስም ነገርነው።

"እናትና ልጅ ነን ትላላችሁ፤ ስማችሁ ግን አይተዋወቅም" አለኝ።

እማዬ ይህን ስተረጉምላት "ስሙ ባይተዋወቅ እኛ እንተዋወቃለን አትዪውም?" አለች። አልኩት። ሳቀ። ከዚያ "አባትየውስ የት አለ?" አለኝ።

"ገብስ እያጨደ ነው።"

"በአገራችሁ ገብስ ታጭዶ አያልቅም?" አለና ማህተሙን ዷ አደረገው።

አላወቅኩም እንጂ ያን ጊዜ መልስ መፈለግ ነበረብኝ። ይኸው አንድ አጨዳ አልፎ ሌላው ደርሷል፤ አባዬ አልመጣም። መጀመሪያ ስንደውልለት ያነሳ ነበር። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ይለናል። ከመስከረም ወዲህ ግን የምትመልስልን ያቺ የምታውቋት ሴትዮ ናት፦ "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።" እማዬ አንዳንዴ መልስ ትሰጣታለች። "አሁን ካልሆነ መቼ ነው ታዲያ፣ እቴ?" ትላታለች።

ካምፓላ ለምለም ናት፤ ሰዉ ሴቱን ኛቦ፣ ወንዱን ሴቦ እያለ ይከባበራል። ሙዝ ቀቅለው ያደቅቁና ማቶኬ ይሉታል፤ እማዬ "ቅቤና በርበሬ የረሱት ገንፎ" ትለዋለች። ዝናቡ እንደኛው ዶፍ ነው፣ ብርድ የሚባል ግን አያስከትልም። እኔ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ መንቀጥቀጥ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ ነበር።

አከራያችን ማማ ናካቶ ትባላለች። ቤቱን ስታሳየን "ዶሮ ማርባት ክልክል ነው፤ ከበሮ ክልክል ነው፤ ማልቀስ ክልክል ነው" አለችን።

"ማልቀስ ለምን?" አልኳት።

"ከእናንተ በፊት የነበሩት ሐበሾች ስልክ በተደወለላቸው ቁጥር ይጮኹ ነበር፤ ጎረቤት አስቸገሩኝ። እናንተ ከአገር ቤት ይደወልላችኋል?"

"አይደወልልንም" አለች እማዬ፣ ስተረጉምላት።

"ጥሩ ተከራዮች ናችሁ" ብላ ቁልፉን ሰጠችን። እማዬም ለመልካም ጉርብትና ብላ ከአገር ያመጣችውን አዲስ ነጠላ ሰጠቻት።

ዲሽ ያለው ቴሌቪዥን የማማ ናካቶ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እዚያ ነን፤ አማርኛ ባይገባትም ከሁላችን በላይ የምትፈርደው እሷ ናት። እስቲ የእኔንም ፍርድ ስሙ።

ባለ ኮፍያው የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ አለው፣ አልክድም። ግን አንዷን ቃል ይዞ ሲያጠማዝዝ፣ ሲያጠማዝዝ፣ ልብስ የሚጨምቅ ነው የሚመስለው። ሁለተኛዋ ሳትዘፍን ታለቅሳለች፣ ዘፍናም ታለቅሳለች፤ ስትዘፍን ብቻ ትስቃለች። ማማ ናካቶ "ይቺ እኔ ቤት አትከራይም" ብላለች። ያናደደኝ የዚያ ቀጭን ልጅ መባረር ነው። እማዬ ገና ሲጀምር "ይሄ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማረ ነው፤ ትንፋሹን አላየሽም?" ብላ ነበር። ዳኞቹ ግን "መድረክ ላይ አትንቀሳቀስም" ብለው ሸኙት። መቋሚያ ቢሰጡት ኖሮ መንቀሳቀስ ምን እንደሆነ ያሳያቸው ነበር!

ይታይሽ ግን ሌላ ናት። ባለፉት ዙሮች አውድማ ላይ በሬ እያዞርን የምንለውን ነው የዘፈነችው፤ ድምጿ ሲወጣ ጭዱ አይኔ ውስጥ የገባ ያህል ነው የሚሰማኝ። ሁሉ ነገር ያስቃታል፤ ዳኛ ሲገስጻት እንኳ ትስቃለች።

ባለፈው እሁድ ግን አልሳቀችም። ነጭ ለብሳ ወጣች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጇን ወደ ታች ለቃ፣ እንዲህ አለች፦

ገብሱ ደርሶ ሳለ አጫጁ ወዴት ነው፣
ማጭዱን በደጃፍ ተሰቅሎ የማየው።

አዳራሹ አበደ። አንዱ ዳኛ ተነስቶ አጨበጨበላት፤ "ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ኮረዳ ናት፤ በአይኔ አየኋት!" አለ። ሌላዋ ደግሞ "ነጠላው! ስታይሊንጉ! እንዲህ ተለብሶ አይቼ አላውቅም" አለች። ይታይሽ አይኗን ሰብራ "አመሰግናለሁ" ብቻ አለች። ማለፏ ሲነገር እኔ ዘለልኩ፣ ብርጭቆው ተሰበረ።

"ዘቅዝቃለች" አለች እማዬ።

"ምኑን?"

"ነጠላዋን። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ስምሽን ማስተዋል ያልኩት ለዚህ አልነበረም?"

ከተማ ያደጋችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ዳኛዋም አላወቀችውም። በእኛ አገር የነጠላ ጥለት ቦታው ከታች ነው። ወደ ላይ የሚወጣው፣ አንገት ላይ የሚጠመጠመው፣ ሰው ሲሞት ነው።

"ዘመኑ ነው እማዬ! የሚያለብሷቸው ሰዎች ናቸው" አልኳት። አሁንም ይህንኑ ነው የምለው። ማስረጃም አለኝ፤ በማግስቱ እዚህ ካባላጋላ ሰፈር ያሉ የሐበሻ ልጆች ሁሉ እንደ ይታይሽ ዘቅዝቀው ፎቶ ተነሱ። ፋሽን ነው ማለት አይደለም? ይታይሽን ልጠይቃት መልእክት ላክሁ፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን ውድድሩ እስኪያልቅ ስልክ አይይዙም። አጎቴ እማዬን ሊያጽናና ብሎ "ምናልባት የገዛ እናቷ ይሆናሉ እኮ" አላት። እማዬ "ለሰው እናት ሞት አትመኝ!" ብላ ጮኸችበት። ቆይታ ግን "ደብሬ ብትሆን ስለ እናት ትገጥም ነበር" አለች፣ ለራሷ።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ምስር እየለቀመች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ማማ ናካቶ ናት፤ ያን የሰጠናትን ነጠላ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቆማለች።

ምስሩ ከነሰፌዱ ወደቀ። እማዬ በጉልበቷ ተንበርክካ ደረቷን እየመታች "ማን ነው? ማን ነገረሽ? እሱ ነው? ንገሪኝ!" ትላለች፤ በአማርኛ። ማማ ናካቶ ግራ ገብቷት እኔን ታያለች፣ እማዬን ታያለች።

"የቴሌቪዥኗን ልጅ መስዬ… አያምርብኝም እንዴ?"

አስረዳኋት። በእንግሊዝኛ ስነግራት ለራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ። ስጨርስ ማማ ናካቶ መሬት ላይ፣ ምስሩ መሃል፣ ከእማዬ ጎን ተቀመጠች። እማዬ እንደምንም ተነሳችና ነጠላውን አውልቃ ገለበጠችላት፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችው።

"እንዲህ ነው" አለቻት። "እንዲህ ነው የሚለበሰው።"

"ኛቦ" አለች ማማ ናካቶ፣ "ዛሬ ማልቀስ ይቻላል።"

እማዬ ግን አላለቀሰችም። "መርዶ ሳይነገረኝ አላለቅስም፤ ሟርት ይሆንብኛል" ብላ ምስሯን መልቀም ጀመረች። እኔም ተንበርክኬ አገዝኳት።

እሁድ ፍጻሜው ነው። እኔ ይታይሽ እንደምታሸንፍ አውቃለሁ! ባለ ኮፍያው ይጭመቅ፣ ያቺም ታልቅስ፤ አሸናፊዋ የኛ ልጅ ናት። አገር ቤት ያላችሁና ኔትወርክ ያላችሁ ድምፅ ስጧት፤ ከወገዳ ይህን የሚያነብ ካለ ደግሞ እባካችሁ በእትዬ ደብሬ ደጅ እለፉና ማጭዱ እንደተሰቀለ እንደሆነ ተመልከቱልኝ።

ካምፓላ ያላችሁ ግን ሁላችሁም ኑ። ማማ ናካቶ ፈቅዳለች፣ ወንበር ተበድራለች፣ "ከበሮም ይምጣ" ብላለች። ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ የሆናችሁ ቀደም ብላችሁ ኑና ከፊት፣ ከእኛ አጠገብ ተቀመጡ። ሌላው ሰው ድምጿን ይስማ፤ እናንተ ጥለቱን እዩልኝ። ከታች ከሆነ እልልታውን አብረን እናቀልጠዋለን። አሁንም አንገቷ ላይ ከሆነ ግን እማዬን በግራም በቀኝም ያዙልኝ፤ በእኛ አገር መርዶ ብቻውን የሚሰማ ሰው የለም።