ለባሌ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት

ይህ የሆነው ካቻምና ሰኔ ላይ ነው። ኢንጅባራ የኖረ ሰው የሰኔን ዝናብ ያውቀዋል። እኔ ግን ያን ቀን የማልረሳው ሦስት ሽማግሌዎች በእኔ ጉዳይ ግቢዬ ውስጥ ቆመው ስለበሰበሱ ነው።

ድንች ነጋዴ ነኝ። አፌም እንደ ሥራዬ ነው፣ ማለሳለስ አያውቅም። ባሌ ጌትነት በተጋባን በዓመቱ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ጀርመን ገባና ጥገኝነት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የእኛ ትዳር በሙሉ አንድ ቃል ሆነ፤ ወረቀት። "ወረቀቴ ይምጣ እንጂ እወስድሻለሁ።" "ልጁንም እዚህ እንወልዳለን፣ አትቸኩዪ።" አንዴ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉበት፣ ይግባኝ አለ። ይግባኙም ቀጠሮ እየተሰጠው ዓመት ዓመትን ወለደ። እኔም በዓሉን ሁሉ ብቻዬን እያሳለፍሁ ጠበቅሁ።

ሠላሳ ሰባት ሲሞላኝ የወር አበባዬ ይዛባ ጀመር። ባሕር ዳር ሄጄ ተመረመርሁ። ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፣ አልደበቀችኝም።

"እንቁላልሽ እየቀነሰ ነው። የሚረዳ ሕክምና አለ፣ አዲስ አበባ ይሠራል። ግን ያለ ባልሽ የሚሆን ነገር አይደለም። ሳይመሽባችሁ አብራችሁ ሂዱ" አለችኝ።

በሚኒባሱ ዳንግላ እስክንደርስ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስሁ። ከዳንግላ ወዲህ ግን ማልቀሱን ተውሁና ተናደድሁ።

ቤት እንደገባሁ ደውዬ ነገርሁት። "ትንሽ ታገሺ፣ የፊታችን ቀጠሮ የመጨረሻው ነው" አለኝ። ትንሽ! ማህፀኔ እንደ እሱ ዳኛ ቀጠሮ የሚያራዝም መሰለው እንዴ? ነገሩ ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። አንዴ ከጀርመን ከወጣ ተመልሶ መግባት የለም፤ የጠበቀው ዘመን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ግን እሱ የሚጠብቀው ዛሬ ባይመጣ ነገ ሊመጣ ይችላል። የእኔ ካለፈ አለፈ።

ስለዚህ ሽማግሌ እልክበታለሁ አልሁ።

ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። "ጀርመን ድረስ በምን ሊሄዱልሽ ነው? በፈረስ?" አሉኝ።

"በስልክ" አልኋቸው።

የመረጥኋቸው የጌትነትን የክርስትና አባት አያ ፈንቴን፣ አጎቴንና ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይድን ነው። ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጌትነት ወጣት ሳለ እሳቸው ሱቅ ሠርቷል፣ እንደ አባቱ ነው የሚያያቸው። የምፈልገውንም ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው፤ "ወይ አምጡልኝ፣ ወይ አሰናብቱኝ። ሌላ አልፈልግም።"

እሑድ ዕለት አያ ፈንቴና አጎቴ ከቅዳሴ መልስ፣ ሐጂም ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይዝ ግቢው መሀል አንድ በርጩማ ላይ ስልኬን አቆምሁት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተልኮ ሲሄድ ቆሞ ነው የሚናገረው። የተላከበት ሰው "እሺ፣ ተቀመጡ" ካላለው በቀር የፈለገው መቀመጫ ቢቀርብለት አይቀመጥም። እነሱም ስልኬ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

ደወልሁ፤ ጌትነት አነሳው። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመው አየ። ምነው እኔስ አስቀድሜ ባስበው ኖሮ! ስደት ላይ ላለ ሰው እንዲህ ተሰብስቦ የሚታይ ሽማግሌ መርዶ ነው። "ወይኔ እናቴን!" ብሎ ሲጮህ ሰማን። ወዲያው ኔትወርኩ ጠፋ።

ኧረ የዚያን ጊዜስ ጉድ! ብደውል ብደውል እምቢ አለ። አማቴ ገጠር በሙሉ ጤንነታቸው አሉ፤ ልጃቸው ግን ባሕር ማዶ ሆኖ ሙሾ እያወረደላቸው ነው። ይባስ ብሎ ዝናቡ መጣ።

"እባካችሁ ቤት ግቡ፣ ሲገኝ እጠራችኋለሁ" ብላቸው አያ ፈንቴ አፈጠጡብኝ።

"የመጣንበትን ሳንናገር? እሺ ሳንባል?"

ሮጬ ጃንጥላ አመጣሁ። ሐጂ ሰይድ ተቀበሉኝና ስልኩ ላይ ዘረጉት። እሳቸው ውሃው በጢማቸው እየወረደ ቆሙ። ሳቄም ለቅሶዬም እኩል መጣብኝ።

ጋቢያቸው ርሶ ከከበደ በኋላ መስመሩ ተመለሰ። የጌትነት ዓይን አብጧል። "መቼ ነው ያረፈችው?" አለ።

"ማንም አልሞተም" አሉት አያ ፈንቴ። "እናትህ ደህና ናት። እኛ የቆምነው ለሞተ ሰው አይደለም ልጄ፣ ላልተወለደው ነው።"

አያ ፈንቴ ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገሩት። ሲጨርሱ "ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጥሁት ባዶ እጄን ልመለስ ነው?" አለ።

"ባዶ እጅ ሠርቶ ይሞላል" አሉ ሐጂ ሰይድ። "ያለፈ ዕድሜ በምን ይሞላል?"

"አልመጣም ካልህ ግን ልጂቱን ፍታልን። አስረህ አታስረጃት" አሉ አያ ፈንቴ።

ይህን በሉልኝ ያልሁት እኔው ነኝ። ሲባል ስሰማ ግን ደነገጥሁ። እወደዋለሁ እኮ! እምቢ ቢል ምን እሆናለሁ እያልሁ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ።

ጌትነት ዝናቡን ያየው ያን ጊዜ መሰለኝ። "ኧረ በሰማዕቱ! እየዘነበባችሁ ነው፣ ቁጭ በሉ!" አለ።

"እሺ ሳትለን?" አሉት አያ ፈንቴ።

ከዚያ ጌትነት በአዊኛ መናገር ጀመረ። ሲከፋው ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚገባው። "እሺ፣ እመጣለሁ። ተቀመጡልኝ አባቶቼ" አላቸው። ሦስቱም ግቢው ውስጥ ባለ፣ ውሃ በጠጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔም እግራቸው ሥር ወድቄ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

ይግባኙን ትቶ ከመስቀል በኋላ መጣ። "ጀርመንን በድንች ለወጠ" እያለ የሚስቅበት አለ። አንዳንድ ቀን እሱም ይቆጨዋል፣ አይደብቀኝም፤ እኔም አልቀየመውም። አዲስ አበባ ሄደን ሕክምናውን ጀመርን፤ የመጀመሪያው ሙከራ አልያዘም። ዜናውን የሰማን ቀን ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። በማግስቱ እሱ ጆንያ ተሸከመ፣ እኔ ሚዛኔን ያዝሁ።

አሁን ለሁለተኛው ሙከራ ቀጠሮ ይዘናል። "ባይሆንስ?" ይሉኛል ሴቶቹ። ባይሆን አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ እኖራለሁ። ሳልሞክር ማርጀትን ግን እምቢ ብያለሁ።