ሽማግሌዎቹ የመጡበት ጉዳይ

ልጄ የምትሠራው የፍል ውሃ ጉድጓድ በሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። በማሽን ተቆፍሮ ከምድር ሆድ ትኩስ ውሃና እንፋሎት የሚወጣበትን ጉድጓድ እየዞረች ታያለች፤ ግፊቱን ትለካለች፤ ሕግ የጣሰውን ታሽጋለች። ሰው ሲጠይቀኝ «መንግሥት ቤት ናት» ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ ለማስረዳት የእኔ ሦስተኛ ክፍል አይበቃም።

ከሐሙሲት ወረድ ብሎ አንድ ማኅበር ለመታጠቢያ ቤት ያስቆፈረው ጉድጓድ ነበር። እሱን አሸገችው። በቧንቧው ዙሪያ ሲሚንቶው በደንብ አልተሞላም፣ ውሃው በጎን እየሾለከ አፈሩን እየበላው ነው፣ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ሌላ ቱቦ እስኪገጠም የቧንቧው መክፈቻ መዘውር እንዳይነካ ብላ ጻፈች። ማሸጊያው የመብራት ቆጣሪ ላይ እንዳለው ያለ ነው፤ ቀጭን ሽቦ፣ ጫፉ ላይ የተጨፈለቀች እርሳስ። አንድ ቀን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ።

«ይችን ነው እንዴ ሰው የሚፈራው?» አልኋት።

«ይችንማ ማን ይፈራል፤ በጥርስ ትበጠሳለች» አለችኝ።

የምፈራው እኔ ነበርሁ። ጭር ባለ አገር ከሾፌር ጋር ብቻዋን እየሄደች የሰው እንጀራ ትዘጋለች። መኪናው ሲዘገይ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ብታገባ፣ ብትወልድ፣ ቢሮ ያስቀምጧት ነበር እያልሁ አስባለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሰፈሩ ቆማ ቀረች ማለት ከጀመረ ቆየ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ሰባታሚት ቤቴ ድረስ መጡ። አንዱ የእድራችን ዳኛ ናቸው። አንዱ ቄስ ናቸው። ሦስተኛውን አላውቃቸውም። ሦስቱም ጋቢያቸው የታጠበ ነው።

«አረፍ በሉ እንጂ» አልሁ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ልጅሽን ብለን ነው የመጣን።»

አንቀመጥም የሚል ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል።

«እሷ እንኳ እንፍራንዝ ለሥራ ሄዳለች። የምትመጣው ማክሰኞ ነው።»

«እኛ የምንለምን አንቺን ነው። አባቷ የለ፤ ቃሉ ያንቺ ነው።»

ደንቡን አጥቼው አይደለም። በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ ላማክር» ይባላል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሁለት ሦስቴ ይመላለሳሉ። እኔ ግን ከወጡ የማይመለሱ መሰለኝ።

«እናንተን የመሰለ ሽማግሌ የላከ ክፉ አይሆንም። እሺ ብያለሁ» አልሁ።

ተያዩ። የእድሩ ዳኛ ወደማላውቃቸው ሰውዬ ዞረው ሳቁ። «ታስቸግራለች ስትል አልነበር? ይኸው፣ ነገሩን እስክንናገር እንኳ አልጠበቀች።»

ቄሱ «ቃልሽን ያጽናልሽ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ተቀመጡ። ጠላ ቀዳሁ። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ እስኪነግሩኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ያ የማላውቃቸው ሰውዬ ጨለጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«እንግዲያ ነገ መዘውሩን እንከፍተዋለን። ልጅቱ ብትቆጣም እናቷ እሺ ብላለች እንላለን።»

ለካ ሰውዬው ጉድጓዱን ያስቆፈረው ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ። የለመኑኝ ጉድጓዱን ነው።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆምሁ። ምን ልበል? እኔ እኮ ለጋብቻ የመጣችሁ መስሎኝ ነው ልበል? ከሦስት ሽማግሌ ፊት፣ ልጄ ባልተጠየቀችበት? አፈርሁ። ደግሜ ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ሲወጡ እስከ በር ሸኘኋቸው። ስልኩ መደቡ ላይ ነበር። ለልጄ አልደወልሁም። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ መሸ፤ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ሰኞ ከፈቱት። ቧንቧው አልፈነዳም፤ አጠገቡ ያለው መሬት ነው ተሰንጥቆ ፍል ውሃ የተፋው። የጉድጓዱ ዘበኛ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም እግሩ እስከ ጉልበቱ ተቀቀለ።

ማክሰኞ ልጄ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከሥራ አግደውኛል። ማሸጊያውን የበጠሱት በእናቷ ፈቃድ ነው አሉ። ተደራድራ ነው፣ እናቷን አማላጅ አድርጋ ነው ተብሎ ሊጣራ ነው።» አየችኝ። «እማዬ፣ ምን አልሻቸው?»

«እሺ አልኋቸው።»

«ምኑን?»

ነገርኋት። ግድግዳውን እያየች ሰማችኝ። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስሁም።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝቼ ዘበኛውን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድሁ። እግሩ ላይ ድንኳን የመሰለ ነገር አልብሰውበታል። ሚስቱ «የት ነው የምንተዋወቅ፣ እትዬ?» አለችኝ። የሰፈር ሰው ነኝ አልሁ። ብርቱካኑን ተቀበለችኝ፤ አንዱን ልጣ ለእኔው ሰጠችኝ። በላሁት።

ሐሙስ መሥሪያ ቤቷ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ማንም አልጠራኝም። ልጄ አትምጪ ብላኝ ነበር። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል፤ ልጄም ጥግ ላይ አለች። ከቅዳሴ መልስ ከሚለው ጀምሬ ነገርኋቸው። ጋብቻ መስሎኝ ነው ስል ሴትዮዋ አቀርቅራ ወረቀቷን አገላበጠች። ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር።

«ይሁን፣ ተሳሳቱ» አለኝ የሚጽፈው። «እንከፍተዋለን ሲሉ ግን ሰምተዋል። ለምን ዝም አሉ?»

«አፍሬ።»

«ማፈር ብለን እንጻፍ፣ እናቴ?»

«ጻፈው።»

አንብቦ አሰማኝ። ልጄ በጉዳዩ እንዳልነበረችበት፣ እንዳልደወልሁላትም ተጽፏል። የሦስቱን ሽማግሌዎች ስም ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ተናገርሁ። ስሜን ፊደል በፊደል ጻፍሁ። የእድሩ ዳኛ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሉኝም፤ ለቅሶ ቤት ስገባ ፊታቸውን ያዞራሉ።

እገዳው ሳምንት ሳይሞላ ተነሣ። ደብዳቤውን የሰጧት ዕለት አብሬያት ነበርሁ። ጉድጓዱ እንደ ገና ሊታሸግ ነው፤ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ግቢው ውስጥ ይጠብቃታል። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ማን እንደሆነ ጠይቀሽ ነበር?»

«ማን?»

«የሚያገባኝ። እሺ ስትይ፣ ማን እንደሆነ ጠይቀሻቸዋል?»

«አልጠየቅሁም» አልሁ።

ራሷን ነቀነቀች፤ ሪፖርት እንደሚሰማ ሰው። ከሾፌሩ ጎን ገብታ በሩን ዘጋች። መኪናው የሐሙሲትን መንገድ ያዘ።