ልብስ የለበሰው ቴሌቪዥን

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ግን «እትዬ አልባሽ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ነው። አንድ ቀን ዘይት ልትገዛ ስትገባ ጠርሙሷን ሹራብ ለብሶ አየውና፣ «እትዬ፣ ይሄ ደግሞ በርዶት ነው?» አላት። «ከእጄ እንዳያመልጠኝ ነው» አለችው ኮስተር ብላ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጸና።

እውነትም በቤቷ ራቁቱን የሚቀመጥ ነገር የለም። የውሃው ጆግ ጠርዙ ላይ ዶቃ የተሰፋበት ቆብ አለው። የወንበሮቹ እግሮች ወለሉን እንዳይፍቁ ካልሲ አጥልቀዋል። ፔርሙዙ ጃኬት አለው፤ ያውም ከነቁልፉ። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ «እኔም ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ልኬን መውሰዷ አይቀርም» እያለ ያስቀን ነበር።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ምክንያት አለው። ያደገችው ከእህል ወፍጮ አጠገብ ነው። እናቷ ጠዋት የጠረገችውን ዕቃ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ዱቄት መልሶ ያለብሰው ነበር። «ዕቃን የሚያስረጀው ዕድሜ አይደለም፣ አቧራ ነው» ትል ነበር እናቷ። ልጅቱም ይህን ይዛ አደገች።

ሥራዋ የተማሪዎች ደንብ ልብስ መስፋት ነው። የስፌት መኪናዋ የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ነው ያለችው፤ የመርገጫዋን ድምፅ በጋራ ግድግዳችን በኩል ስለምሰማ፣ መቼ ኪስ መቼ ኮሌታ እየሰፋች እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ። አንድ ልማድ አላት። ስፌት ስትጨርስ ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዛ በኃይል ትጎትተዋለች። ክሩ ትንሽ እንኳ ቢሳሳ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። እናቶችም «ጉልበቱ አለቀ እንጂ ስፌቱ አልተፈታም» እያሉ ነው የልጆቻቸውን ሱሪ ለማስጠገን የሚያመጡላት።

ባሏ ካረፈ በኋላ ቤቷ ጭር ብሎ ነበር። ጭርታውን ያባረረችው የልጅ ልጇ ናት። ልጇ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት ሕፃኗን ትተዋትና ማታ መጥታ ትወስዳታለች። ሕፃኗ ገና መሮጥ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ በየቦታው እየገባች ስለምታንጎራጉር አያቷ «ጢንዚዛ» አለቻት። ጢንዚዛ ጠዋት በር ላይ ስትደርስ የጎረቤቴ ፊት እንዴት እንደሚበራ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጇ ግን አልፎ አልፎ፣ «እማዬ፣ ደክሞሻል እኮ። መድኃኒት ቤቱ አጠገብ የሕፃናት መዋያ ተከፍቷል፤ ላስገባት?» ትላት ነበር።

«ደከመኝ ያልኩሽ ቀን ታስገቢያታለሽ።»

«አንቺ ደግሞ ደከመኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያውስ አትገባም ማለት ነው።»

ነገሩ በዚህ እያለ የድሮው ቴሌቪዥን ሞተ። ጀርባው እንደ ሣጥን የገዘፈ፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ የሚቀመጥበት ዓይነት ነበር። ልጇ በምትኩ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዛችላትና ከቴክኒሻን ጋር ላከችው። ቴክኒሻኑ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያስረዳ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ወደ ታች ያወዛውዛል።

«እማማ፣ መስታወቱን አይጫኑት። ግራና ቀኝ ጠርዙን ነው የሚይዙት» አላት፤ ሁለቱ ሆነው ከካርቶኑ አወጡት።

እሷ ዞር ብላ ጀርባውን አየች። «ይሄው ነው? ሆዱስ?»

«ሆድ የለውም እማማ።»

«ከሲታ! ምን አብልተው ነው ያሳደጉት?»

ቴክኒሻኑ ግድግዳ ላይ ልስቀለው አላት። አይሆንም አለች። «ግድግዳ ቤት ሲሠራ ነው የሚበሳው፤ ሰው ገብቶ ከኖረበት በኋላ አይበሳም።» ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሰውዬው ቡፌውን አየ። ቡፌው ቁመቱ ረጅም፣ ወርዱ ጠባብ ነው።

«ይሄ አይመቸውም። ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ ነገር የለዎትም?»

«ዝቅ ካለ ጢንዚዛ ትደርስበታለች። አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ።»

«ልጅ የሚደርስበት አይደለም የሚያሰጋው እማማ፤ ልጅ የሚያወርደው ነው» አለ ቴክኒሻኑ። እሷ ግን ቡፌው ላይ ይሁን ብላ ጸናች። ሰውዬውም ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ገጥሞለት እዚያ ላይ አቆመው። ከዚያ ምክሩን ቀጠለ። ከኋላው አየር ይግባ፣ ላዩ ላይ ምንም አይቀመጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ አይጠረግ፣ ስፒናው ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቶ በዚያ ላይ እንዳይሰካ፣ መብረቅ ሲኖር ይነቀል። ለሁሉም «እሺ ልጄ፣ እሺ» አለችው። ግን አፏ ውስጥ ስፒል ነበረ፤ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትርም አውርዳ ነበር።

«ምንድን ነው የሚለኩት?» አላት ሰውዬው።

«አንተ ሥራህን ሥራ፤ እኔም የኔን።»

በሳምንቱ ቴሌቪዥኑ ልብስ ለበሰ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ነው፤ ጠርዙ በወርቃማ ሪባን ተከቧል። ፊቱ እንደ መጋረጃ ተጠቅልሎ በቁልፍ ይያያዛል፤ ጀርባው ደግሞ ከታች እስከ ላይ በዚፕ ተዘግቷል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ፊቱ ብቻ ይገለጣል እንጂ ልብሱ አይወልቅም። ከሥሩም ዘርፉ እየተወዛወዘ ወደ ፊት የሚንጠለጠል ረጅም ዳንቴል አነጠፈችለት። ሥራው ያምር ነበር፤ ያማረውን አላማረም አልልም። ባለሱቁ ሊያይ መጥቶ፣ «ዛሬ ዜና አንባቢው ካባ ደርቦ ነው የመጣው» ብሎ ሳቀ። እሷም ደስ አላት።

ጥቂት ቆይቶ ቴሌቪዥኑ በራሱ ጊዜ መጥፋት ጀመረ። ጢንዚዛ የምትወደው የአሻንጉሊቶች ዝግጅት መሐል ላይ ይጠፋል። በእጄ ስነካው እንደ ካውያ ይሞቃል።

«ልብሱን ብታወልቂለትስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሰው ሲያመው ይደረብለታል እንጂ ይገፈፋል እንዴ?» አለችኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም፤ ለስፌት ነገር እሷ ናት ባለሙያዋ። እሷ አጥፍታ ታሳርፈዋለች፤ ሲቀዘቅዝ መልሳ ታበራዋለች። መብራት ኃይሉ ደካማ ስለሆነ ነው ብላ ደመደመች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ መኪናዋ ድንገት ቀጥ አለች። ወዲያው የጎረቤቴን ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺዬ! ድረሽልኝ!»

እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ገባሁ። ጢንዚዛ ቡፌው ሥር ቆማ የዳንቴሉን ዘርፍ በሁለት እጇ ይዛ እየሳበች ነው፤ እየሳቀችም ነው። ዳንቴሉ ቡፌው ላይ ተንሸራቶ ቴሌቪዥኑን ይዞት መጥቷል። ቴሌቪዥኑ ወደ ፊት ተደፍቶ ከሕፃኗ አናት በላይ ዘንበል ብሏል። ጎረቤቴ ከጎኑ ሆና የከፋዩን ልብስ ከጀርባው ጨብጣ ወደ ኋላ ትጎትታለች። ብትለቀው በልጅቷ ላይ ይወድቃል፤ ካልለቀቀችው ደግሞ ልጅቷን ማንሳት አትችልም።

«ቴሌቪዥኑን ልያዝልሽ?»

«ልጅቷን! መጀመሪያ ልጅቷን!»

አንሶላውን ጣልኩና ጢንዚዛን በብብቷ አንስቼ ወደ በሩ ወሰድኳት። ዘርፉን አልለቅም ብላ ዳንቴሉ ተከትሎን ወጣ። ከዚያ ተመልሼ ቴሌቪዥኑን ሁለታችን ሆነን መሬት አስተኛነው። ምንም አልሆነም። ሕፃኗም ምንም አልሆነችም፤ ዳንቴሏን ስለወሰድንባት ብቻ አለቀሰች።

ጎረቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ጥፍሮቿ ሥር የከፋይ ክር ገብቷል። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም።

ለልጇ እንዳትነግሪብኝ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ያለችኝ ግን ሌላ ነው። «ማታ ስትመጣ አጠገቤ ሁኚ። ብቻዬን ከሆንኩ ነገሩን አሳንሼ ነው የምነግራት።»

ማታ ልጇ መጣች። እናትየው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ አላሳነሰችም። እንዲያውም ትንሽ ሳታበዛው አልቀረችም። ልጇ አልጮኸችም። «የት ጋ ነበር የቆመችው?» አለች። እናትየው ቦታውን በእግሯ ጫፍ አሳየቻት። ልጇ እዚያው ሄዳ ቆመች፤ ቀና ብላ ቡፌውን አየች።

«ነገ አላመጣትም እማዬ።»

«መዋያ ልታስገቢያት ነው?»

«አላውቅም። ፈቃድ ወስጄ እቤት እቆያለሁ። ይሄ ቤት እንዲህ እያለ ግን አላመጣትም።»

«እሺ ልጄ» አለች ጎረቤቴ። የሕፃኗን ጫማ ራሷ አጠለቀችላት፤ ግራና ቀኙን አሳስታ አጥልቃ እንደገና አወለቀች።

በማግሥቱ የመኪናዋ ድምፅ አልተሰማም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሻይ ይዤላት ስገባ የከፋዩን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ እንዲሁ ታየዋለች። «ጥሪልኝ፣ ያንን ረጅሙን ሰውዬ» አለችኝ።

ቴክኒሻኑ መጣ። የከፋዩን ልብስ ተቀብሎ አገላበጠ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን አዙሮ ጀርባው ላይ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች በካቻቢቴው አሳያት። «እማማ፣ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በዚህ ካልወጣ ራሱን ያጠፋል። ሲብስም ይቃጠላል።»

«እኔ አፍንጫውን ነው የሰፋሁት በለኛ!»

«አፍንጫውን ብቻ? አፉንም ጭምር ነው እንጂ።»

በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ግድግዳውን ብሳው» አለችው። ሰውዬው ግን ዝቅ ያለና ሰፊ ነገር ላይ ከቆመ መስቀል አያስፈልግም፣ ማሰር ይበቃል አላት።

ከመኝታ ክፍሏ ዝቅ ያለውን ሰፊ ጠረጴዛ አመጡ፤ ላዩ ላይ ተቆልሎ የነበረው ጨርቅ ቡፌው ውስጥ ገባ። ጠረጴዛውን ከምድጃውም ከመስኮቱም አርቀው አቆሙት። ቴክኒሻኑ ቴሌቪዥኑን ከኋላ ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ነገር ያስፈልጋል፤ ማሰሪያው ይሸጣል፣ ነገ ገዝቼ አመጣለሁ አለ።

«ምን ዓይነት ነው?»

«ጠንካራ ቀበቶ በሉት። አንዱ ጫፍ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ በብሎን ይታሠራል፣ ሌላው ግድግዳው ላይ።»

«ያኔ የቴሌቪዥኑን ልብስ ይዤ ስጎትት ስፌቱ አልተፈታም» አለች በቀስታ፤ ለማንም እንዳልተናገረች ሁሉ። ተነስታ ለተማሪ ቦርሳ ማንገቻ የምትጠቀምበትን ወፍራም የናይሎን ጥብጣብ አወጣች። መርፌ ቀየረች። ጫፎቹን አጥፋ፣ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ሰፋች፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጣ ሰፋች። ከዚያ እንደ ልማዷ ግራና ቀኝ ይዛ ሳበችው። ቴክኒሻኑም አንዱን ጫፍ ይዞ እግሩን አንፈራጦ ሳበ። ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ይሄስ እኔንም ያስረኛል» አለ።

«ካልተቀመጥክማ አስርሃለሁ።»

ግድግዳው ሲበሳ ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ፊሸር የሚሉት የፕላስቲክ መሰኪያ ገባ፣ በፊሸሩ ውስጥ ብሎን። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከጠረጴዛው ጀርባ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ የሚንጠለጠል ነገር አልቀረም። ሪሞቱ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ሕፃኗን ለመንጠላጠል እንዳያስመኛት ለብቻው ኪስ ተሰፋለት። ይህቺን አንዲት ልብስ ቴክኒሻኑም ፈቅዷል።

ልጇ የመጣችው የወሰደችው ፈቃድ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጢንዚዛን አቅፋ ነበር፤ አላወረደቻትም። ክፍሉን ዞረች፣ ሶኬቱን አየች፣ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ጀርባ ተመለከተች። እናትየው መኪናዋ አጠገብ ቆማ እጆቿን በጨርቅ ትጠርጋለች፤ እጆቿ ግን አልቆሸሹም ነበር።

«ሳቢው» አለቻት።

«እማዬ፣ አየሁት እኮ።»

«ማየት አይበቃም። ሳቢው ነው የምልሽ።»

ልጇ በነጻ እጇ የቴሌቪዥኑን ጠርዝ ይዛ ወደ ራሷ ሳበች፤ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለች፣ ከዚያ ከምሯ። ቴሌቪዥኑ ትንሽ ዘንበል አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥብጣቡ ተወጠረ እንጂ ስፌቱ ላይ አንዲት ክር አልተንቀሳቀሰችም። እንደገና ሳበች።

«መቼ ነው የምትቆሚው፤ ግድግዳዬን ልታፈርሺው ነው እንዴ?» አለች እናትየው።

ልጇ ጠርዙን ለቀቀች። ጢንዚዛን ወለሉ ላይ አወረደቻትና ጃኬቷን አወለቀችላት። ጃኬቱን በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ፣ ሁልጊዜ በሚሰቀልበት ቦታ ሰቀለችው። ጎረቤቴ ሚስማሩን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ጢንዚዛ ቀጥ ብላ ወደ ድሮው ቡፌ ሄደች። ዘርፉን ፈለገችው፤ የለም። ቀና ብላ አየች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እያንጎራጎረች አያቷ የልብስ ቁልፎች ወደምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ዞረች። አያቷም ቆርቆሮውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው፣ መኪናዋንም መርገጥ ጀመረች።

ያ የከፋይ ልብስ አልተጣለም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ አሁንም ይለብሰዋል። ጠዋት ጢንዚዛ ከመድረሷ በፊት ይወልቃል።