የሞቀው ኮፈን

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ መንገድ ዳር በቆመ መኪና አጠገብ ካለፍኩ እጄ ሳላዘው ኮፈኑ ላይ ያርፋል። ሰው ቢያየኝም አላፍርም፤ ከለመድኩት ቆይቻለሁ። ሶዶ ላይ ሌሊቱን ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። መዳፌን ሲቀዘቅዘኝ ይህ መኪና አይዋሽም እላለሁ። ሞቆ ያገኘሁት ቀን ግን የድሮ የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣና አባቴ ፊቴ ይቆማል።

አባቴ የዝንጅብል ነጋዴ ነበር። የምንኖረው አረካ ነው። እሱ በቦምቤ ገጠር እየዞረ ዝንጅብል ይሰበስብና በሰው መኪና አስጭኖ ሶዶ ያወርዳል። የሰው መኪና ደግሞ ያው የሰው ነው። ማታ እሺ ያለህ ሹፌር ጠዋት የተሻለ ጭነት ካገኘ ስልኩን ያጠፋል፤ ዝንጅብልህም ጆንያው ውስጥ አልቦት ይሻግታል። እናም የራሱን መኪና ይመኝ ነበር። ያውም የቦምቤን ጭቃ ከነጭነቱ የሚወጣ፣ ትልቅ ሞተር ያለው የናፍጣ ፒክአፕ። እራት ላይ ስለሱ ማውራት ከጀመረ የቆረሰው ቆጮ እጁ ላይ ይደርቅ ነበር።

መግዣው ከየት ይምጣ? ከእናቴ ጓሮ። ከቤታችን ጀርባ እንሰት ነበራት፤ እኛ በወላይትኛ ኡታ እንለዋለን። ሙሽራ ሆና ስትመጣ የተከለችው ነው፤ እበት እየተሸከመች፣ በእጇ እያረመች ያሳደገችው። በኛ አገር የሴት ልጅ ሙያዋም ኩራቷም የሚታየው ጓሮዋ ላይ ነው። አባቴ ግቢውን ለሁለት ከፍሎ የጓሮውን ወገን ለጎረቤት ሊሸጥ ሲነሳ እናቴ አልጮኸችም።

«ኡታ ሰው አስርቦ አያውቅም» አለችው። «መኪና ግን ራሱም ይበላል።»

መመለስ እንደማይቻል ስታውቅ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ከመግዛትህ በፊት መካኒክ ይዘህ ሂድ አለችው። አባቴ ሳቀ። ሻጩ እኮ የሶዶ ነጋዴ ይሁን እንጂ በጌታ ወንድሙ ነው፤ በወጣትነታቸው አንድ መዘምራን ውስጥ አብረው ዘምረዋል።

«ወንድሜን በመካኒክ ላስፈትሽ? ነገ በየትኛው ፊቴ አብሬው ለጸሎት እቆማለሁ?»

እናቴ ወጥታ ጓሮዋ ገባች።

ጓሮው ተሸጠ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ሶዶ ወረድን፤ አባቴ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ፣ እና እኔ። አባቴ አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበቡ ስለሚከብደው ውሉን የማነብለት እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ የሰንበት ቀሚሴን ለብሼ፣ ለአንድ መስመር ንባብ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አድሬ ነበር።

ሻጩ በሩ ላይ «ሳሮ! ሳሮ!» እያለ፣ ሰላም ሰላም ማለቱ ነው፣ አቀፈን። ፒክአፑ ግቢው መሃል ቆሟል፤ ነጭ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጎማው እስከ ወገቤ የሚደርስ። ጣሪያውና መስታወቱ ላይ ጤዛ ነበር። ኮፈኑ ላይ ግን አልነበረም። ይህን ያኔ አይቼዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከየት ላውቅ?

«ከትናንት ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም» አለ ሻጩ። «እናንተን ሲጠብቅ ነው ያደረው።»

በኛ ዘንድ ቤትም ይሁን በሬ፣ አዲስ ነገር ሳይጸለይበት እጅ አይገባም፤ ሲጸለይም እጅ ይጫንበታል። አራታችንም መዳፋችንን ኮፈኑ ላይ አሳረፍን። ሽማግሌው ጀመሩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር፤ ብረቱ ግን ሞቀኝ። ገና ከምጣድ እንደወረደ ቂጣ ይሞቅ ነበር። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ መንፈስ ቅዱስ የወረደ መሰለኝ! ይህን ደስታዬን ለአባቴ ላካፍለው ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ የእሱም ዓይን ተከፍቷል። ሽማግሌው ስለ መንገዱና ስለ ጎማው እየለመኑ እሱ የገዛ እጁን ያያል። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሜን» አልን ሁላችንም።

ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። እኔ ውሉን ሳልንተባተብ አነበብኩ፤ አባቴ ወደኔ ሳያይ ፈረመ።

አረካ ስንገባ አባቴ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ሰፈሩ ወጣ። እናቴም ወጣች። ዞራ አየችውና «ሎኦ» አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪናው አልነሳም አለ። አባቴ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ እንደ ሽማግሌ ሳል ሳል ያደርግና ዝም። ጎረቤት ተጠርቶ ተገፋ። ሲነሳ የተፋው ነጭ ጭስ መንገዱን ሙሉ ሸፈነው፤ ልጆች ጭሱ ውስጥ ድብብቆሽ ተጫወቱ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ቁልቁለት ካላገኘ መኪና አያቆምም ነበር።

አንድ ክረምት መኪናው ቦምቤ ላይ ዝንጅብል እንደጫነ ተበላሽቶ ቀረ። አውርዶ የሚጭንለት እስኪያገኝ ዝንጅብሉ በሰበሰ፤ አባቴ ጭቃ ለብሶ፣ እጁን እያሸተተ ቤት ገባ። ሞተሩን የከፈተው መካኒክ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ስትገዙት ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር? እንዲህ ያለውን ጎህ ሳይቀድ በግድ አስነስተው፣ አሙቀው፣ አጥፍተው ነው ገዢ የሚጠብቁት። በርዶ ብታገኙት ጉዱ ይወጣ ነበር።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። አባቴ አየኝ፤ ዘጋሁት። «ቆይቷል፣ ማን ያስታውሳል» አለው ለመካኒኩ።

ለሻጩ ተደወለለት። «እኔ ጋ ደህና ነበር ወንድሜ። በጸሎት ነው የተቀበልከው፤ ጸልይበት» አለው። ሽማግሌውም ምስክር እንዲሆኑ ቢለመኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛው እጅ ጭነን አሜን ያልንበትን ነገር እንዴት ብለን እንክሰስ?» አሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ባይ ሆነ። ሞተሩ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። አባቴም ተመልሶ የሰው ሹፌር ለማኝ ሆነ፤ በፊት ሲለምን ይቀልድ ነበር፣ አሁን አይቀልድም።

እናቴ ላይ የደረሰውን ግን ማንም አልቆጠረው። ጎረቤት ኡታዋን ነቅሎ ቤት ሠራበት፤ ግድግዳው ወጥ ቤታችንን አጨለመው። እሷም ቆጮ ከገበያ መግዛት ጀመረች። የአረካ ሴት ባለ ባሏ፣ ባለ ቤቷ ሆና ቆጮ ከገበያ ስትገዛ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳህ አልችልም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ሰፈርተኛ ከማይሄድበት ዳር ካሉ ሻጮች ነበር የምትገዛው።

አባቴ ሊሞት አካባቢ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። መኪናው ግቢው ጥግ ቆሟል፤ እናቴ የጭነት ቦታውን አፈር ሞልታ የኡታ ችግኝ ተክላበታለች። ሌላ መሬት አልነበራትም። አባቴ ችግኙን እያየ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ሞቆኝ ነበር» አለ። «ያን ጠዋት፣ ከእጄ በታች። የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ገብቶኝ ነበር። ግን ጸሎት መሃል እጄን ባነሳ ወንድሜን ሌባ ማለቴ አይደል? አፈርኩ።»

እናቴ በሩ ላይ ሆና ሰምታለች። መጥታ ከእግሩ የወረደውን ጋቢ መልሳ አለበሰችው። እኔ ግን ተናደድኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ወንድሙን ያፈረውን ያህል ሚስቱን አላፈረም። ይህን በሕይወት እያለ ልነግረው ፈልጌ ሳልነግረው ቀረሁ።

ለቅሶው ላይ ሻጩ መጣ። ሸብቷል፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ስለ አባቴ የዋህነት ተናገረ፣ አለቀሰም። ከዚያ እንጸልይ አለና እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነ። ሰውነቴ ሁሉ አንሺው፣ እጁን አንሺው አለኝ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቷል። አሜን አልልም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ጸሎቱ አለቀና ሁሉም አሜን አለ። እሱ ግን እጁን አላነሳም፤ የኔን ይጠብቅ ነበር።

«አሜን» አልኩ።

ቀና ስል እናቴን አየኋት። እሷ ከመጀመሪያውም ዓይኗን አልጨፈነችም፤ በድንኳኑ ክፍተት ወደ መኪናው ታያለች። ንፋስ የኡታዋን ቅጠል ይቀደው ነበር።