የእትዬ ሊፍትና የእኔ ቼክ

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እትዬ እያልኩ ነው ያደግኩት። አሜሪካ መጥተን፣ እሷ አሌክሳንድሪያ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖረን፣ ሁለታችንም ሸብተን እንኳ ያው እትዬ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ እቀናባታለሁ። በጸጉሯ እቀና ነበር፣ በእጅ ጽሑፏ እቀና ነበር። እዚህ ከመጣን ደግሞ በሥራዋ። እሷ ሒሳብ ክፍል ገብታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሠራ፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ሳነሣና ሳስተኛ ወገቤ አለቀ። ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልወለደችም። ባለቤቴ "ታዲያ ምኗ ነው የሚያስቀናሽ?" ይለኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሴው ፎቅ ላይ በመሆኑ አሮጊቶቹ ደረጃውን ሲወጡ ማየት ያሳዝናል። ሊፍት ለማስገባት ስንት ጊዜ ገንዘብ ለመንን፤ አልሞላም። አንድ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ አባ ወደ እኛ ዞሩ።

"የሊፍቱ ነገር ተፈጸመ" አሉ። "አንዲት እናታችን ሙሉ ወጪውን ችለውልናል።"

የእህቴን ስም ጠሩ። ጎኔ ቆማለች። አንድ ቃል አልነገረችኝም። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ ትከሻዋን ሳሙ። አንዳንዶቹ እኔንም "የእሳቸው እህት አይደለሽ!" እያሉ ሳሙኝ። ጉንጬ ተቃጠለ።

በሳምንቱ ቤቷ ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ። ሳልጠጣው "እትዬ፣ እንዴት አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"ቀላል ነው" አለች። "የእኔ ዕድሜ ላይ ሲደረስ ከጡረታ አካውንትሽ በየዓመቱ የግድ የምታወጪው ገንዘብ አለ። በእጅሽ ከተቀበልሽው ታክስ አለበት። ሰባ ዓመት ከስድስት ወር የሞላው ሰው ግን 'በቀጥታ ለቤተ ክርስቲያኔ ላኩልኝ' ማለት ይችላል። በእጅሽ ስለማያልፍ ታክስ የለውም። መንግሥት ከሚወስደው ሊፍቱ ይውሰደው ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምኑን ልንገርሽ? አንድ ቀን ደውዬ ጨረስኩት።"

ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። እኔ ብሆን አንድ ዓመት ሙሉ የማወራውን ነገር፣ እሷ እንደ ስልክ ቢል ክፍያ አድርጋ ተናገረችው።

በማግስቱ አካውንቴ ያለበት ቢሮ ሄድኩ። የመጨረሻ ልጄን የምታክል ልጅ የልደት ቀኔን አየችና ፈገግ አለች። "ገና ነዎት፤ ለዚህ እንኳ ወጣት ነዎት" አለችኝ። በሕይወቴ ወጣት ነሽ ተብዬ የተናደድኩት ያን ቀን ነው። ለካ በእርጅናም ይቀናል! ልጅቷ "መስጠት ከፈለጉ ታክሱን ከፍለው ዛሬም መስጠት ይችላሉ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን መስጠት ብቻ አልነበረም የፈለግኩት። እንደ እትዬ መስጠት ነበር።

ጠበቅኩ። በየእሑዱ የሊፍቱ በር ሲከፈት፣ አሮጊቶቹ ሲወጡ፣ እህቴን ሲመርቁ ሰማሁ። እኔ ጉልበቴ እየተንቋቋ በደረጃው ወጣሁ። አንድም ቀን ሊፍቱን አልረገጥኩም።

ዕድሜዬ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤቱን አድሶ ለልጆች የፊደል መማሪያ ሊያደርገው እያሰበ ነበር። ግድግዳው ውሃ ያስገባል፤ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ነበር የሚማሩት። አካውንቴ ያለበት ቢሮ ደወልኩና ቼኩን በቀጥታ ለቤተ ክርስቲያኑ አስላክሁ። እትዬ ለማንም ስላልተናገረች እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ ነጠላ ገዛሁ። ስሜ ሲጠራ እንደ እሷ አንገቴን ዝቅ ለማድረግ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ፤ አልቀልድም።

እሑዱ ደረሰ። አባ ደስ ብሏቸዋል። "ለልጆቻችን ክፍል የሚበቃ ቼክ ደርሶናል" አሉ። "ከጡረታ አካውንት ነው የመጣው። የሰጪው ስም የለበትም። እኛ ግን ማን እንዲህ እንደሚያደርግ እናውቃለን!" ብለው ወደ እህቴ ዞሩ።

እልልታው ቀለጠ።

"አባ፣ እኔ አይደለሁም" አለች እትዬ። ትሕትና መሰላቸውና እልልታው ባሰ። ሴቶቹ ይጎርፉባት ጀመር። እኔ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ አጠገቧ ቆሜያለሁ። "እኔ ነኝ" ማለት አቃተኝ። በገዛ ስጦታዬ እሷ ስትሳም እያየሁ በቅናት አረርኩ።

ፓርኪንግ ላይ ተከትላኝ መጣች። "አንቺ ነሽ" አለች።

"ምኑን?"

"ተይ እንጂ። ከአንቺ ሌላ ይህን ነገር ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

"ብሆንስ? አንቺን ለምደዋል። ይሁንልሽ።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ዝናብ ያካፋል፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ በቤተ ክርስቲያኑ መስኮት አያታለሁ፤ ከገንዘብ ያዡ ጋር ትከራከራለች፣ እጇን ወደ እኔ ትቀስራለች። ኋላ እንደሰማሁት "ቼኩን ለላከው ቢሮ አሁኑኑ መልእክት ተዉ፣ ሰኞ ደግሞ ደውላችሁ አጣሩ! የእህቴን ለእኔ አትስጡ" ስትል ነበር። ያን የሚያህል ድምፅ እንዳላት ማንም አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አባ ይቅርታ ጠይቀው ስሜን ጠሩ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነው። አንገቴን ዝቅ ማድረጉ ጠፋኝ፤ ደርቄ ቀረሁ። የመጀመሪያው እልልታ ከጎኔ ተነሣ። እትዬ ናት። አፏን ሞልታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ እልል አለች። ፊቷን አየሁት። የተደበቀ ነገር ፈለግኩበት፤ ትንሽ መከፋት፣ ትንሽ ቅር መሰኘት። የለም። በእኔ ደስ ብሏት ነው።

ሴቶቹ ትከሻዬን ሲስሙ እኔ የማየው እሷን ነበር። በሰው ደስታ እንዲህ መደሰት እንዴት እንደሚቻል አላውቅም፤ በዚያም ቀናሁባት።